ምጽዋ፦ ቅድመ አያቶቻችን ያልደረሱባት ወደብ

ባለፈው የሲግድ ሰሞን ለወጣቶች ስለ 1862ቱ ጉዞ እያወራኋቸው ነበር። አባ ማህሪ የሚባሉ መነኩሴ ሕዝቡን አስነሥተው ከጎንደር ወገን ወደ ኢየሩሳሌም በእግር እንደተጓዙ፣ ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው እንዳመኑ፣ ብዙ ሰው በረሃብና በበሽታ መንገድ ላይ እንደቀረ ነገርኳቸው። አንድ ልጅ እጁን አወጣና በዕብራይስጥ «ቆይ፣ የት እንደሚሄዱ ያውቁ ነበር? ወይስ ዝም ብለው ነው የተነሡት?» አለኝ። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ።

ሳቁ ክፋት የለበትም። እኔም በእነሱ ዕድሜ ታሪኩን ከአያቴ ስሰማ እንደ ተረት ነበር የምሰማው። በታሪኩ ውስጥ ባሕሩ ስም አልነበረውም፤ ከተማም ወደብም አልነበረበትም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ካርታ ዘርግቼ ሳየው ግን ነገሩ ሌላ ሆነብኝ። ለዚያ ልጅ በቦታው አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁትም። ያኔ ልነግረው ይገባኝ የነበረው ይህ ነው፦ የሄዱበት መንገድ የተሳሳተ መንገድ አልነበረም። ወደ ባሕር የሚያደርሰው ዋናው መንገድ ያው ነበር። ይህን ለመረዳት ደግሞ በቀይ ባሕር ዳር ያለች አንዲት ትንሽ ከተማን ማወቅ ያስፈልጋል። ስሟ ምጽዋ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ቦታዋ የት ነው?

ኤይላት ሄዳችሁ ባሕሩ ዳር ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ያ ውኃና የምጽዋ ውኃ አንድ ባሕር ነው። ከኤይላት ወደ ደቡብ ምሥራቅ በቀጥታ መስመር 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄዱ ምጽዋ ትደርሳላችሁ። ዛሬ የኤርትራ ወደብ ናት። በትግርኛ ባጽዕ ይሏታል። ምጽዋ የሚለውን ስም ደግሞ አንዳንድ ሰዎች በግዕዝ «ጸውዐ»፣ ማለትም «ጠራ» ከሚለው ቃል ጋር ያያይዙታል፤ ከየብስ ወደ ደሴቷ ለመሻገር ጀልባ በጩኸት ይጠራ ስለነበር ነው ይላሉ።

አሮጌዋ ከተማ ያለችው በደሴት ላይ ነው። ደሴቷ ርዝመቷ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከእሷ ቀጥላ ጧለት የምትባል ሌላ ደሴት አለች፤ ከዚያ በኋላ ነው የብሱ የሚመጣው። ዛሬ ሁለቱ ደሴቶች በባሕሩ ላይ ድንጋይ ተሞልቶ በተሠራ መንገድ ከየብሱ ጋር ተገናኝተዋል። መንገዱ የተሠራው በ1870ዎቹ፣ ከተማዋ በግብጾች እጅ በነበረችበት ጊዜ፣ ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ የግብጽ ሹም ሆኖ ሲያስተዳድራት ነው። ከዚያ በፊት ያለ ጀልባ ደሴቷ ላይ መግባት አይቻልም ነበር።

ፊት ለፊቷ በባሕሩ ውስጥ የዳህላክ ደሴቶች አሉ፤ ብዛታቸው ከመቶ በላይ ነው፤ በዕንቁ ለቀማ የታወቁ ነበሩ። ወደ ደቡብ የዙላ ባሕረ ሰላጤ አለ፤ እዚያ ዳር ላይ የአክሱም መንግሥት ወደብ የነበረችው የአዱሊስ ፍርስራሽ ይገኛል። ስለዚህ ምጽዋ ድንገት የበቀለች ከተማ አይደለችም። የደጋው አገር ከዓለም ጋር የሚገናኝበት በር ከጥንት ጀምሮ በዚያው አካባቢ ነበረ፤ አዱሊስ ስትጠፋ ምጽዋ ቦታዋን ወረሰች።

አየሯ ከባድ ነው። የዓመቱ አማካይ ሙቀት 30 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን በበጋ ከ40 በላይ ይወጣል። ኤይላትም ይሞቃል ትሉኝ ይሆናል፤ ግን የኤይላት ሙቀት ደረቅ ነው፣ የምጽዋው እርጥብ ነው፤ ላቡ ሰውነት ላይ አይደርቅም። ዝናቡ ትንሽ ነው፤ የሚዘንበውም ከኖቬምበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ ነው። ይኸውም እዚህ እስራኤል ክረምት የምንለው ወቅት ነው። ጎንደር ላይ ግን ክረምት ማለት ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ነው። ስለዚህ ከደጋ ወደ ምጽዋ የወረደ ሰው ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ወቅቱም ይገለበጥበት ነበር።

ትልቁ ነገር ግን ዳገቱ ነው። ከምጽዋ ተነሥታችሁ ጠባቡን የሰምሃር ሜዳ ካለፋችሁ በኋላ መሬቱ እንደ ግድግዳ ይቆማል። በመኪና መንገድ አስመራ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከፍታዋ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ኢየሩሳሌም 800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነች፤ ስለዚህ የኢየሩሳሌምን ዳገት ሦስት ጊዜ ደራርባችሁ አስቡት። ደጋውና ባሕሩ በካርታ ላይ ጎረቤት ናቸው፤ በኑሮ ግን ሁለት ዓለም ናቸው። የደጋ ሰው ቆላ ሲወርድ ወባ ይዞት ይሞታል፤ የባሕር ሰው ደጋ ሲወጣ በብርድ ይቸገራል። የኢትዮጵያ ነገሥታት ምጽዋን ለረጅም ጊዜ ለመያዝ የተቸገሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የበሩ ጠባቂዎች

በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በምጽዋ በኩል ነበር። በ1541 ደግሞ በክሪስቶቫው ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ጠመንጃ የያዙ ፖርቱጋሎች ግራኝ አሕመድን ለመውጋት በዚያው ወረዱ። የእኛ ታሪክ ከምጽዋ ጋር በጽሑፍ ሲገናኝ ከማውቃቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ እዚህ ላይ ነው። በ1542 ዳ ጋማ ፈረስ ፍለጋ ወደ ሰሜን ተራራ ወጣና የአይሁድ አምባ የሚባለውን ምሽግ ወጋ። እንግዲህ አስቡት፦ ባሕር አይተው የማያውቁ የሰሜን ቤተ እስራኤላውያን በዚያች ወደብ የገባ ጠመንጃ ደጃቸው ድረስ መጣባቸው።

በ1557 ኦዝደሚር ፓሻ የተባለው የኦቶማን ቱርክ አዛዥ ምጽዋን ያዘ። ከዚያ በኋላ ለ300 ዓመት ያህል ከተማዋ በቱርክ ስም ትተዳደር ነበር። በተግባር ግን በየብሱ በኩል ያለችው ሕርጊጎ ላይ የተቀመጠ «ናይብ» የሚባል የአካባቢው ሹም ነበር የሚያዝዘው። ናይብ ማለት እንደራሴ ማለት ነው። የናይቡ ኃይል ከምን የመጣ ይመስላችኋል? ከጠመንጃ ብቻ አይደለም፤ ከውኃም ነው። ደሴቷ የራሷ የመጠጥ ውኃ የላትም። ዝናብ በጉድጓድ ይጠራቀማል፤ የቀረው ከየብሱ፣ ከእምኩሉና ከሕርጊጎ፣ ይመጣል። ስለዚህ የብሱን የያዘ ሰው ደሴቷን በጥም ሊያንበረክካት ይችላል። ወደ ደጋ የሚወጣ ነጋዴም እንግዳም ለናይቡ ሳይከፍል አያልፍም ነበር።

ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ይህን ደርሶበታል። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1769 ምጽዋ ወረደ፤ ናይቡ ገንዘብ አምጣ እያለ ሁለት ወር ያህል ያዘው። በኖቬምበር አጋማሽ ሲለቀው ዳገቱን ወጥቶ፣ በአድዋና በአክሱም አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ በፌብሯሪ 1770 ጎንደር ገባ። ሦስት ወር ፈጀበት። በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ቤተ እስራኤል ብዙ ጻፈ፤ አውሮፓ ውስጥ ስለ እኛ መኖር በሰፊው እንዲሰማ ካደረጉት ጽሑፎች አንዱ ይህ ነው።

የብሩስን መንገድ ልብ በሉልኝ። ምጽዋ፣ አድዋ፣ አክሱም፣ ተከዜ፣ ሊማሊሞ፣ ጎንደር። ይህ የብሩስ ፈጠራ አይደለም፤ የነጋዴ መንገድ ነው። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ሰም፣ በግዞትም የሚነዱ ባሪያዎች በዚህ መንገድ ወደ ባሕር ይወርዳሉ፤ ጨርቅ፣ ጨሌና ጠመንጃ ወደ ጎንደር ይወጣሉ። ነጋዴዎቹ በአብዛኛው ሙስሊሞች ነበሩ። የእኛ ሰዎች አንጥረኞች፣ ሸማኔዎች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ግንበኞችና ገበሬዎች ነበሩ፤ ሥራቸውን የሚሸጡት ግን ነጋዴዎቹ በሚያልፉበት ገበያ ነው። ባሕሩ በየት በኩል እንዳለ የጎንደር ገበያ ሁሉ ያውቃል።

1862

አሁን ወደዚያ ልጅ ጥያቄ እንመለስ። በ1850ዎቹ መጨረሻና በ1860ዎቹ መጀመሪያ ከአውሮፓ የመጡ ሚስዮናውያን ቤተ እስራኤልን ክርስቲያን ለማድረግ መንደር ለመንደር ይሰብኩ ነበር። ክርክሩ እስከ አፄ ቴዎድሮስ ችሎት ደረሰ። ማኅበረሰቡ ተጨነቀ፤ በዚህ ጭንቀት መካከል ነው አባ ማህሪ «ጊዜው ደርሷል፣ ወደ ኢየሩሳሌም እንሂድ» ብለው የተነሡት።

ካርታውን ተመልከቱ። ሰዎቹ ከጎንደር አካባቢ ተነሥተው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተጉዘው ትግራይ ገቡ፣ አክሱም አካባቢም ደረሱ። በጣታችሁ ብትከተሉት አቅጣጫው የብሩስ ነው፤ የነጋዴው ነው። በቀጥታ መስመር ከጎንደር እስከ አክሱም ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአክሱም እስከ ምጽዋ ደግሞ 180 ገደማ ይቀራል። ማለትም ጉዞው ሲቆም ወደ ባሕሩ ከሚወስደው መንገድ ከግማሽ በላይ ጨርሰው ነበር። ሽማግሌ፣ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ይዘው፣ የተከዜን ገደል አልፈው። ዝም ብሎ የተነሣ ሰው እዚያ አይደርስም።

ታዲያ ምጽዋ ቢደርሱስ ኖሮ? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። በ1862 ምጽዋም ኢየሩሳሌምም በአንድ መንግሥት ሥር ነበሩ፤ ሁለቱም የቱርኩ ሱልጣን ግዛት ነበሩ። በወረቀት ላይ ካየነው፣ ምጽዋ የረገጠ ሰው ኢየሩሳሌምን የሚገዛው መንግሥት መሬት ላይ ቆሟል ማለት ነው። ግን የስዌዝ ቦይ ገና አልተከፈተም፤ የተከፈተው በ1869 ነው። ጀልባ ክፍያ ይጠይቃል፤ ናይቡ ክፍያ ይጠይቃል፤ ውኃው እንኳ በገንዘብ ነው። ደሴቷ ደግሞ የባሪያ ገበያ ነበረባት፤ ደካማና ጠባቂ የሌለው መንገደኛ ሁሉ አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ባሕሩ ቢደርሱበትም ይከፈልላቸው ነበር ማለት አልችልም። የምለው ሌላ ነው፦ የከለከላቸው አለማወቅ አልነበረም። የከለከላቸው ረሃብ፣ በሽታ፣ ዳገትና የበሩ ባለቤቶች ነበሩ።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳልነበረም እወቁ። በዚያው በ1862 አፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በጻፉት የታወቀ ደብዳቤ ቱርኮች መንገድ እንደዘጉባቸው አመልክተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በሠራዊታቸው ያላስከፈቱትን በር ነው አባ ማህሪ በጸሎት ሊያስከፍቱ የሄዱት። ሌላም አለ፦ ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ዳንኤል ቤን ሐናንያ የሚባል ቤተ እስራኤላዊ ከልጁ ጋር ኢየሩሳሌም ደርሶ ነበር። ለአንድ ሁለት ሰው የሚቻል ነገር ለመላ ሕዝብ ግን ሌላ ነገር ነው።

በሩ ከውጭ ሲከፈት

ከ1862 በኋላ ባሉት ዓመታት በዚያው በር ሌሎች መጡ። በ1867 ዮሴፍ ሃሌቪ የሚባል አይሁዳዊ ምሁር፣ አሊያንስ በሚባለው የፈረንሳይ አይሁዶች ድርጅት ተልኮ ምጽዋ ወረደ። ጊዜው ክፉ ነበር፤ እንግሊዞች አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት እዚያው አጠገብ በዙላ በኩል ሠራዊት እያወረዱ ነው። ዋናው መንገድ የጦር መንገድ ስለሆነበት ሃሌቪ በምዕራቡ ቆላ ዞሮ ወልቃይት ወገን ወጣ፤ እዚያም ወገኖቻችንን አገኘ። መጀመሪያ አላመኑትም፤ ነጭ አይሁድ ይኖራል ብለው አስበው አያውቁም። ኢየሩሳሌም የሚለውን ስም ሲሰሙ ግን ልባቸው ተከፈተ። አስቡት እንግዲህ፦ የአባ ማህሪ ጉዞ ካከተመ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው፤ እነሱ ወደ ባሕሩ ሄደው አልደረሱም፤ አሁን ከባሕሩ በኩል አንድ ሰው ወደ እነሱ መጣ።

በር ግን የሚያስገባውን አይመርጥም። የስዌዝ ቦይ ከተከፈተ ወዲህ ቀይ ባሕር የዓለም ዋና መንገድ ሆነ፤ ምጽዋን የሚመኛትም በዛ። በ1865 ከቱርክ ወደ ግብጽ እጅ አልፋ ነበር። በ1884 እንግሊዝ ለአፄ ዮሐንስ ዕቃቸው በምጽዋ በነጻ እንዲያልፍ በአድዋ በተፈረመ ውል ቃል ገባችላቸው። ዓመት ሳይሞላ፣ ፌብሯሪ 5 ቀን 1885፣ ጣሊያኖች ምጽዋን ያዙ፤ እንግሊዝም ዝም አለች። በጃንዋሪ 1887 ራስ አሉላ ደጋው ግርጌ ዶጋሊ ላይ የጣሊያንን ጦር መቱ፤ ወደቡ ግን በጣሊያን እጅ ቀረ። በ1890 ኤርትራ የሚባለው ቅኝ ግዛት ሲታወጅ የመጀመሪያዋ ዋና ከተማ ምጽዋ ነበረች፤ በኋላ ነው አስተዳደሩ ወደ ቀዝቃዛዋ አስመራ የወጣው።

በእነዚሁ ዓመታት ከጣሊያኖቹ ሠራዊት ጋር ሌላ ነገር ገባ። ለጦሩ ቀለብና ጭነት ከውጭ በመጡ ከብቶች በኩል «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ በምጽዋ ገብቶ ደጋውን እንዳዳረሰ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ስሙ ደስታ ነው እንጂ ሥራው ሞት ነው። በሬ ሲያልቅ የሚያርስ ጠፋ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፤ ከ1888 እስከ 1892 ያለው ጊዜ በኢትዮጵያ «ክፉ ቀን» ተባለ። በዚያው ሰሞን የሱዳን ደርቡሾች ጎንደርንና ደምቢያን አቃጠሉ። ቤተ እስራኤል በእነዚህ ዓመታት ያለቀው ሰው ብዛት ከባድ ነው፤ መንደሮች ባዶ ቀሩ። ቀድሞ ብዙ ነበርን የሚሉ ሽማግሌዎች ካሉ ከክፉ ቀን በፊት ያለውን ዘመን ማለታቸው ነው። የክፉ ቀን አንዱ ሥር ደግሞ ያቺው ወደብ ናት።

በ1904 ደግሞ ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች በጣሊያን ኤርትራ በኩል ገቡ። አስመራ ላይ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ይማሩ የነበሩትን ታምራት አማኑኤልን አገኙ፤ እሳቸውንና ጌቴ ኤርምያስን ይዘው ወደ አውሮፓ ተመለሱ። ታምራት በኋላ በ1923 አዲስ አበባ በተከፈተው የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት ያስተማሩት ታላቁ መምህር ናቸው። በዚያን ጊዜ ከአደን የመጡ አይሁድ ነጋዴዎችም በምጽዋ በኩል ወጥተው አስመራ ይኖሩ ነበር፤ የአስመራው ምኩራብ የተሠራው በ1906 ነው። ከእኛ አገር ጥቂት የቀን መንገድ ርቀት ላይ ማለት ነው።

ሀዲድ፣ ጦርነት፣ መርከብ

ጣሊያኖች ያንን ዳገት በብረት ሊያሸንፉት ተነሡ። ከምጽዋ የተጀመረው ባቡር በ1911 አስመራ ደረሰ፤ ተራራውን በዋሻና በድልድይ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። በ1937 ደግሞ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የገመድ ማመላለሻ ተሠራ፤ እናንተ በዕብራይስጥ ራኬቬል የምትሉት ዓይነት ነው፣ ግን ለዕቃ። ለብሩስ ብዙ ቀን የፈጀው ዳገት የሰዓታት ጉዳይ ሆነ። ከተማዋ ራሷ በ1921 በመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ፈርሳ እንደገና ተሠርታለች። ዛሬም አሮጌው ሰፈር ውስጥ ከባሕር በሚወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ የቱርክ ዘመን ቤቶችና የጣሊያን ሕንፃዎች ጎን ለጎን ቆመዋል።

ኤፕሪል 8 ቀን 1941 እንግሊዞች ምጽዋን ከጣሊያን ወሰዱ። ጣሊያኖች ከመውጣታቸው በፊት ወደቡ እንዳያገለግል ብዙ መርከብ አስጠሙበት። ከዚያ ቀደም ብሎ ወደ አስመራ የሚያስገባውን የከረን ተራራ ለማስለቀቅ በተደረገው ውጊያ ውስጥ ከዚህ ከፍልስጤም የሄዱ አይሁዶችና ዐረቦች ያሉበት 51ኛው ኮማንዶ ተዋግቷል። በ1952 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ ምጽዋ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መናኸሪያ ሆነች። ንጉሡ ጧለት ላይ ባለው ቤተ መንግሥት ይቀመጡ ነበር።

ሰላሙ ግን አልቆየም። በ1962 ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ የኤርትራ ጦርነት ለ30 ዓመት ቀጠለ። እዚህ ላይ ለእኛ የሚመለከት ነገር አለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወላጆቻችን ወደ ኢየሩሳሌም ሲነሡ ለምን እንደ አባ ማህሪ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አልሄዱም? ለምን ወደ ሱዳን? መልሱ ከፊሉ ጂኦግራፊ ነው። የአክሱም፣ የአስመራ፣ የምጽዋ መስመር የጦር ሜዳ ነበር፤ ወደቡም የደርግ የጦር ሰፈር ነበር። የቀረው በር ምዕራብ ነው። በዚያ በረሃና በስደተኞች ሰፈር 4,000 ያህል ወገኖቻችን እንደቀሩ ይነገራል።

ይሁን እንጂ ቀይ ባሕር ከታሪካችን አልወጣም። ከ1981 ጀምሮ ሞሳድ በሱዳን ባሕር ዳር፣ ከፖርት ሱዳን በስተ ሰሜን ዓሩስ በምትባል ቦታ፣ የጠላቂዎች መዝናኛ መስሎ በከፈተው መንደር በኩል ወገኖቻችንን በሌሊት በጀልባ እያወጣ ወደ እስራኤል ባሕር ኃይል መርከብ ያሻግር ነበር። ከምጽዋ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ነው፤ ባሕሩ ግን ያው የአባ ማህሪ ባሕር ነው። 120 ዓመት ገደማ ዘግይቶ፣ በሌላ ዳር፣ ባሕሩን ተሻገርነው።

ሜይ 24

በፌብሯሪ 1990 የኤርትራ ሕዝባዊ ግንባር ፈንቅል በተባለ ዘመቻ ምጽዋን ከደርግ አስለቀቀ። ከተማዋ በውጊያውና ከዚያ በኋላ ከአየር በወረደባት ቦምብ ክፉኛ ተጎዳች፤ ቤተ መንግሥቱም ፈረሰ። ለመታሰቢያ ጧለት ላይ ታንኮች ቆመዋል። ደርግ ወደቡን ሲያጣ አስመራ ያለው ሠራዊቱ ስንቁ የሚገባበት በር ተዘጋበት። ሜይ 24 ቀን 1991 ግንባሩ አስመራ ገባ።

ሜይ 24 ቀን 1991። ይህን ቀን በሌላ ስም ታውቁታላችሁ፤ ዘመቻ ሰሎሞን የተጀመረበት ቀን ነው። አስመራ ላይ አንድ ዘመን ሲያበቃ፣ አዲስ አበባ አየር ማረፊያ ላይ ከ14 ሺህ በላይ ወገኖቻችን አውሮፕላን ይሳፈሩ ነበር። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቀን የሆኑት በአጋጣሚ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱንም ያፋጠነው የአንድ መንግሥት መውደቅ ነው፤ ለዚያ ውድቀት ደግሞ የምጽዋ መያዝ አንዱ ምክንያት ነበር።

ማስተዋል ያለብን ግን ምጽዋ የእኛ ታሪክ ጌጥ አይደለችም። የራሷ ሰዎች አሏት፤ ትግረ፣ ዐረብኛ፣ ትግርኛ፣ ሳሆና ዓፋር የሚናገሩ፣ በሙቀቱና በጦርነቱ የኖሩባት። ለእነሱ በር ሳትሆን ቤት ናት። እኔ የጻፍኩት እሷን ከእኛ አቅጣጫ ስናያት ነው።

ለዚያ ልጅ የምለው ይህን ነው። ብዙ መጻሕፍት ቤተ እስራኤል ከዓለም ተነጥሎ የኖረ፣ ዓለምም እሱን የረሳ ሕዝብ አድርገው ያቀርቡናል። ካርታው ግን ሌላ ነው የሚለው። ባሕሩ ሩቅ አልነበረም፤ መንገዱ ይታወቅ ነበር፤ ጠመንጃም፣ በሽታም፣ ምሁርም፣ መምህርም በዚያ መንገድ እስከ መንደራችን ደርሷል። የተለየው ነገር ማን በበሩ ማለፍ ይችላል የሚለው ነው። ተነጥለን ሳይሆን ተከልክለን ነበር ብል ከእውነቱ ብዙ የራቅኩ አይመስለኝም።

በሚቀጥለው ጊዜ አያቶቻችሁ ዘንድ ስትሄዱ ስልካችሁ ላይ ካርታ ክፈቱና ጎንደርን፣ ሊማሊሞን፣ ተከዜን፣ አክሱምን አሳዩዋቸው። ሊማሊሞን በእግራቸው የወጡ ብዙ ናቸው። የ1862ቱን ጉዞ ከአያቶቻቸው ምን እንደሰሙ፣ ከዘመዶቻቸው ትግራይ የቀረ ካለ ጠይቋቸው። የሚነግሯችሁን ጻፉት። ጣታችሁን ከአክሱም አንሥታችሁ ምጽዋ ላይ ስታሳርፉት ደግሞ ርቀቱን አስተውሉ፤ አንድ አውራ ጣት አይሞላም።